ከአቃቂ ወንዝ እስከ ታመርኮስኪ

በአቃቂ ጎሕ ሳይቀድ በአስፋልት ዳር የሚሮጠውን ሰው ሰፈርተኛው በሦስት መደብ ይመድበዋል፤ ጎረምሳ የሆነ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡን በእግሩ ከድህነት ሊያወጣ የተነሣ ነው ተብሎ ይመረቃል፣ ጎልማሳ የሆነ እንደ ሆነ ሐኪም ስኳርህ ከፍ ብሏል ብሎ ያስደነገጠው ነው ተብሎ ይታዘንለታል፣ ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ የሆነ እንደ ሆነ ግን ወይ ሌባ ያባርራል፣ ወይ አንድ ነገር ነክቶታል።

እኔ ከሦስተኛው መደብ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል በፈረቃ ሠርቼ በጡረታ ከተሰናበትኩ ወዲህ፣ የመኪኖቹ ጩኸት ከጆሮዬ ስላልወጣና እንቅልፍም እንደ ልብ ስላልሆነልኝ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ወገን ተነሥቼ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሲኖትራኮቹ ሳይበዙ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ሮጬ መመለስን ልማድ አደረግሁ። ባለቤቴ መቋሚያ በሚያዝበት ዕድሜ ቁምጣ የሚታጠቅ ባል ስለ ሰጣት ነገሩን ለአምላኳ ስታመለክት ቆይታ፣ በመጨረሻ እንደ ክረምት ዝናብና እንደ ኑሮ ውድነት ከማይመለሱት ነገሮች ቈጥራ ተወችኝ። በዚህ መካከል በስቶክሆልም የምትኖረው ልጃችን፣ ከ35 ዓመት ጀምሮ ያለ አማተር ሁሉ በየአምስት ዓመቱ ዕድሜ ተከፍሎ የሚወዳደርበት የዓለም የአንጋፋ አትሌቶች ሻምፒዮና የሚባል ነገር መኖሩን፣ የ2014 ዓ.ም. ክረምት ውድድርም በፊንላንድ በታምፔሬ ከተማ የሚደረግ መሆኑን ነገረችኝ፤ ወጪውንም ሁሉ ችላ እኔን፣ እናቷንና የዐሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጃችንን ጠራችን። ባለቤቴ በሶውን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውንና ድርቆሹን በሻንጣው ውስጥ እየጠቀጠቀች «አንተ ለመሮጥ ትሄዳለህ፤ እኔ ደግሞ አንተን ለመመለስ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ወደ ሰሜን በሄድን መጠን ሌሊቱ እየሳሳ መጣ። ከተማይቱ በደረስንበት ዕለት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኖ ሳለ ፀሐይ ገና ከጥድ ጫካው አናት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስትጠልቅም እንደ እኛ አገር ፀሐይ በሩን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ የምትሄድ ሳትሆን፣ ከበር ውጭ ቆማ በቀዳዳ እንደምታይ ጎረቤት ወገግታዋን በሰማዩ ጠርዝ ላይ ትታ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ተመልሳ ትገባለች። እኛ የመዓልትና የሌሊትን እኩልነት ከፍጥረት ሥርዓት እንደ መጀመሪያው አድርገን የምንቈጥር፣ ሰዓታችንንም በንጋት አንድ ብለን የምንጀምር ሕዝብ ስለ ሆንን፣ ይህ ነገር ለባለቤቴ ከእንግዳ ነገርነት አልፎ የሃይማኖት ጥያቄ ሆነባት። ወሩ የጾመ ሐዋርያት ወር ነበርና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾመው ሴት ዘጠኝ ሰዓት የቱ እንደ ሆነ ጨነቃት። በመጀመሪያው ቀን እናቷ በገጠር ታደርገው እንደ ነበረው በመንገድ ላይ ቆማ ጥላዋን በእግሯ ለካች፤ የአገሩ ሰዎችም ነጠላ ለብሳ የገዛ ጥላዋን የምትረግጠውን ሴትዮ በትሕትና እየዞሩ አለፏት። ጥላው ግን አልታዘዛትም። በኋላ የልጅ ልጃችን በስልኩ አይቶ፣ በበጋ ጊዜ የፊንላንድ ሰዓትና የኢትዮጵያ ሰዓት ደቂቃ ሳይዛነፍ አንድ መሆኑን፣ ማለትም በአቃቂ ዘጠኝ ሲሆን በታምፔሬም ዘጠኝ መሆኑን ሲያስረዳት ፊቷ በራ። «እንዲያማ ከሆነ ሰዓቱ የኛው ነው፤ የሳተችው ፀሐይዋ ናት» ብላ በሶዋን በጠበጠች።

ታምፔሬ በሁለት ሐይቆች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ናሲየርቪ የሚባለው የላይኛው ሐይቅ ፑሃየርቪ ከሚባለው ከታችኛው ሐይቅ በ18 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ውኃው በከተማይቱ እንብርት ታመርኮስኪ በሚባል ፏፏቴያማ ወንዝ እየተንደረደረ ይወርዳል፤ ከተማይቱም በ1779 እ.ኤ.አ. የተቈረቈረችው ለዚሁ ውኃ ጉልበት ብለው ነው። በ1820 ፊንላይሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ መጥቶ በወንዙ ዳር ሥራ ቤት አቆመ፤ እርሱም እያደገ ሄዶ የጥጥ መፍተያና መሸመኛ ፋብሪካ ሆነ። እነሆ በሕይወቴ ሙሉ ጥጥ ስተነፍስ የኖርኩት ሰው ለሩጫ ብዬ አህጉር አቋርጬ ሄጄ፣ በመጀመሪያው ማለዳ ላሟሙቅ ከማረፊያዬ ስወጣ፣ እግሬ ሳላዘው ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግቢ ወሰደኝ።

ቀይ የሸክላ ጡብ ግንቡን፣ ረጃጅሞቹን መስኮቶች፣ ወደ ላይ የተመዘዘውን የጭስ ማውጫ ሳይ፣ ሳይነግሩኝ የቱ ፈትል ክፍል የቱ ሽመና ክፍል እንደ ነበረ በልቤ መደብኩት። መኪና ግን የለም። ሽመና ክፍል የነበረው ፕሌቭና የሚባለው አዳራሽ ዛሬ ቢራ የሚጠመቅበትና ምሳ የሚበላበት ቤት ሆኗል፤ ድርና ማግ በተገናኙበት ወለል ላይ ሹካና ቢላዋ ይገናኙበታል። በዚሁ አዳራሽ በመጋቢት 1882 እ.ኤ.አ. የኤዲሰን አምፖሎች በሩ፤ በዚያ በሰሜኑ አገር ሁሉ የኤሌክትሪክ አምፖል ሥራውን የጀመረው በንጉሥ እልፍኝ ወይም በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በሸማኔዎች ራስ ላይ ነው። እኔም የኛን አስታወስኩ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙበት የአባ ሳሙኤል ግድብ በ1932 ዓ.ም. ግድም፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተሠርቶ ለአዲስ አበባ ብርሃን የሰጠ የእኛ ወንዝ ልጅ ነው፤ ሆኖም በልጅነታችን ከግድቡ አጠገብ ያሉት መንደሮች በኩራዝ ያመሹ ነበር። ሕንዶች ከኢትዮጵያ ጋር በአክሲዮን ያቆሙት ፋብሪካ በ1967 ዓ.ም. ሲወረስ እኔ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዓመቱ ተቀጥሬ ስገባ ከብርሃኑ ብዛት የተነሣ ዐይኔን በእጄ መከለሌን አልረሳም። አቡጀዲ ለመሸመን የገባሁ ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ሌሊት ያየሁት ብርሃኑን ብቻ ነው።

ከድልድዩ ላይ ቆሜ ወደ ታች ስመለከት አንድ ሰው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በመቃጥን ዓሣ ያጠምዳል። ታመርኮስኪ በፋብሪካዎቹ ዘመን የቈሸሸ ወንዝ እንደ ነበረ፣ ከአንድ ትውልድ ወዲህ ግን አጥርተውት ዓሣ እንደ ተመለሰበት ልጄ አነበበችልኝ። እኔ በአቃቂ ወንዝ ዋና የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴም የሠርጓን ጋቢ ያጠበችው በዚያ ወንዝ ነው፤ ዛሬ የልጅ ልጄ እጁን እንኳ እንዲነክርበት አልፈቅድለትም። በሰው አገር ወንዝ ላይ መቅናት ይቻላል ብዬ አላስብም ነበር። ሆኖም ቀናሁ፤ ደግሞም የሚያስተዛዝብ ቅናት አልመሰለኝም፣ የሠሩት ሰዎች እንደ እኛው ጥጥና ጭስ የበላቸው ናቸውና።

ይህች የሠራተኞች ከተማ ሌላም ነገር አላት። በ1918 እ.ኤ.አ. ፊንላንዳውያን ቀይና ነጭ ተባብለው እርስ በርሳቸው ሲተላለቁ የቀዮቹ ምሽግ ታምፔሬ ነበረች፤ ነጮቹ ከብዙ ደም በኋላ ያዟት። በሙዚየማቸው ውስጥ ልጄ ቀይ ሽብር፣ ነጭ ሽብር እያለች ጽሑፉን ስትተረጉምልኝ፣ ያላንዳች ማብራሪያ ስለ ገባኝ እርሷ ገረማት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በፋብሪካ በር ጠዋት አብረውኝ ገብተው ማታ ያልወጡትን ጓደኞቼን አታውቅም፤ እናቷም እኔም አልነገርናትም። የዚያን ዕለት በሐይቁ ዳር ባለ ወንበር ተቀምጠን ጥቂቱን ነገርኋት። ሌኒንና ስታሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በ1905 እ.ኤ.አ. በዚሁ ከተማ በሠራተኞች አዳራሽ እንደ ሆነ፣ አዳራሹም ሙዚየም እንደ ሆነ ስንሰማ ግን ልግባ አላልኩም፤ በውይይት ክበብ ስለ ሁለቱ ሰዎች ስሰማ ያንቀላፋሁት እንቅልፍ ለዕድሜዬ ይበቃኛል።

ስለ ምግቡ ብዙ አልናገርም። ከስንዴ ዘመድ ከሆነው ራይ ከሚባል እህል የሚጋገረው ጥቁር ዳቧቸው እርሾ ያለው፣ ኮምጠጥ የሚል፣ በጾም ቀን ሽሮ የሚያሰኝ ነው፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ቀምሳ «ይህ የእንጀራ የአጎት ልጅ ነው» ብላ ዘመዷ አደረገችው። የከተማይቱ መኩሪያ የሆነው ሙስታማካራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በገበያው ትኩስ ትኩሱን ከቀይ የዱር ፍሬ ማርማላታ ጋር የሚሸጡት ጥቁር ቋሊማ ነው፣ ጥቁረቱም ከደም የመጣ ነው። ሻጯ ሴትዮ እንግድነታችንን አይታ በነፃ ልታቀምሰን ስትዘረጋልን፣ ከጾሙ በላይ ኦሪቱ፣ ከኦሪቱም በላይ የሐዋርያት ሥርዓት ትዝ ብሎን አራታችንም በአንድነት ወደ ኋላ አፈገፈግን። ሴትዮዋ አልተቀየመችም፤ ነገር ግን እኛ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የምንበላ ሰዎች መሆናችንን ቢነግሯት ኖሮ በማን ላይ ትስቅ እንደ ነበር ሳስብ፣ የንጽሕና ድንበር የሚሰመረው በየአገሩ ሰው እናት ጓዳ ውስጥ መሆኑን ታዘብኩ።

በእሑድ ጠዋት ወደ ካቴድራላቸው ሄድን። በ1907 እ.ኤ.አ. የተፈጸመ፣ ከግራጫ ድንጋይ የታነጸ፣ ከውጭ ሲያዩት ምሽግ የሚመስል የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለቤቴ በደጁ ጫማዋን አወለቀች፤ አያስፈልግም ብላ ልጃችን ብትነግራት «የነርሱ ሥርዓት የነርሱ ነው፣ እግሩ ግን የኔ ነው» ብላ በካልሲ ገባች። በሰገነቱ ዙሪያ ዐሥራ ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ ልጆች የጽጌ ረዳ ጉንጉን ተሸክመው ሲሄዱ በግድግዳው ላይ ተሥለዋል፤ ሐዋርያት ናቸው የሚሉ አሉ። የሐዋርያትን ጾም ይዛ ለመጣችው ሴት ይህ ከባድ ነበርና በነጠላዋ የልጅ ልጃችንን ዐይን ልትሸፍን ሞከረች። ከሁሉ ይልቅ ያስቆማት ግን ሁጎ ሲምበሪ የሚባለው ሠዓሊ የሣለው ሌላው ሥዕል ነው፤ ሁለት የገጠር ልጆች በቃሬዛ ላይ መልአክ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ መልአኩ ዐይኑ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፣ ክንፉም ደም ነክቶታል። እኛ መላእክትን የምናውቃቸው ሰይፍ መዝዘው፣ ዲያብሎስን ረግጠው፣ ዐይናቸውን አፍጥጠው ነው፤ የቈሰለ ሚካኤል፣ የታመመ ገብርኤል ከቶ ማን ሥሎ፣ የትኛውስ ደብር አለቃ ፈቅዶ! ባለቤቴ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማን መታው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወጥተንም ጫማዋን ስታጠልቅ «ልጆቹስ ወዴት ነው የሚወስዱት? ለሐኪም ነው?» አለች፤ ያን ዕለት ማታ ጸሎቷን ከወትሮው አርዝማ አደረገችው።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ልጄ ሳውና ካልገባህ ፊንላንድን አየሁ አትበል አለችኝና በ1906 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ እስከ ዛሬ ወደሚሠራው የራያፖርቲ የሕዝብ ሳውና ሰደደችን። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ናቸው። እኔ ቁምጣዬን እንደ ታጠቅሁ፣ የቀሩት ሁሉ አዳም ሳይበድል በነበረበት ልብስ ሆነው፣ በጨለማው ውስጥ በእንጨት ደረጃ ላይ ያለ ንግግር ተደርድረናል፤ አንዱ በጋሉት ድንጋዮች ላይ ውኃ ሲጨምር እንፋሎቱ ጆሮ ይዞ የሚጎትት እስኪመስል ድረስ ይወርዳል። ይህን እንፋሎት ሎይሉ ይሉታል፤ ቃሉ በጥንት ጊዜ ነፍስ ማለት እንደ ነበረ ሰማሁ። በእኛም ነፍስ፣ ነፋስና እስትንፋስ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸውና ነገሩ ሩቅ አልሆነብኝም። ዝምታቸው ግን አስገረመኝ፤ የእኛ ሰው ፍል ውኃ ሲገባ ያንጎራጉራል፣ ይመርቃል፣ ጠበል ሲጠመቅማ ይጮኻል፤ እነዚህ ግን እንደ ሥርዓተ ቅዳሴ አዳማጭ ዝም ብለው ይቀልጣሉ።

በግቢው ስንበርድ፣ ፎጣ ያገለደመ፣ በወረቀት ፋብሪካ የኖረ የ68 ዓመት ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠ። ከየት ነህ አለኝ፤ ኢትዮጵያ አልኩት። የልጅ ልጄ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው ሊያስተረጉመን ሳይጀምር ሰውዬው ጣቱን አቀስሮ «ምሩጽ ይፍጠር!» አለ። ከዚያ በኋላ የነገረኝ እኔም የማውቀው፣ ነገር ግን ከማዶ ሆኜ ያላየሁት ታሪክ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ በዐሥር ሺሕ ሜትር የእነርሱ ላሴ ቪረን ወድቆ ተነሥቶ በዓለም ክብረ ወሰን ሲያሸንፍ ምሩጽ ሦስተኛ ወጣ፤ በ1976 አፍሪካውያን ሞንትሪያልን ሲተዉ ቪረን በሁለቱም ርቀት ወርቅ ወሰደ፤ በ1980 በሞስኮ ግን ምሩጽ ሁለቱንም ወርቅ ጠቅልሎ ሲገባ፣ በዐሥር ሺሑ ሁለተኛ የወጣው ካርሎ ማኒንካ የሚባል ፊንላንዳዊ ነበር፣ ቪረንም አምስተኛ ሆነ። እኛ በፋብሪካው ክበብ ራዲዮ ከበን እልል ስንል፣ ይህ ሰው በወላጆቹ ቤት ቴሌቪዥኑን በቡጢ ሊመታው ተነሥቶ እንደ ነበር ነገረኝ። ቀጥሎም ማንም ሳይጠይቀው፣ ማኒንካ በዚያ ውድድር ደም ተጨምሮለት እንደ ሮጠ በኋላ በገዛ አንደበቱ መናዘዙን፣ በጊዜው ሕጉ የማይከለክለው ቢሆንም ነገሩ እስከ ዛሬ እንደሚከነክነው ነገረኝ። የሌላውን ሰው ኀጢአት እንደ ራሱ አድርጎ ለማያውቀው እንግዳ የሚናዘዝ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ባለቤቴ ማታ ስነግራት «ደም ነዋ!» ብላ ቋሊማውን በዐይነ ኅሊናዋ መለሰችው።

ሰውዬው ይህን ከጨረሰ በኋላ ነገ በየትኛው ርቀት እንደምሮጥ ጠየቀኝ፤ ዐሥር ሺሕ አልኩት። ረጅም ጊዜ ተመለከተኝና፣ እሱም ያንኑ ርቀት በስልሳ አምስት ዓመቶቹ መደብ እንደሚሮጥ ነግሮኝ፣ በእኔ መደብ ባለመመደቡ ፈጣሪውን አመሰገነ። የዚህ ዐይነቱ ክብር ይደርሰኛል ብዬ አልተዘጋጀሁም ነበር። በማግስቱም ብሶ መጣ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያለበትን ሹራብ ለብሼ፣ በደረቴ የተወዳዳሪነት ቍጥሬን፣ በጀርባዬ ደግሞ የመደቤን 60 የሚል ጽሑፍ ለጥፌ ወደ መነሻው ስቀርብ፣ ከየአገሩ የመጡት ሽበታሞች ዞር ዞር እያሉ ከፊት ረድፍ ቦታ ለቀቁልኝ። አንዱ ጨበጠኝ። አንዱ ፎቶግራፍ አብሮኝ ተነሣ። እኔ በዕድሜዬ ከፋብሪካ ለፋብሪካ የሠራተኞች ውድድር በቀር በሌላ ሜዳ ተሰልፌ የማላውቀው ሰው፣ አበበ በሮም በባዶ እግሩ፣ ማሞ በሜክሲኮ፣ ምሩጽ በሞስኮ፣ ደራርቱ በባርሴሎና ያጠራቀሙትን ሀብት እንደ ሕጋዊ ወራሽ ሆኜ ተቀበልሁ፤ ያልሠራሁበትን ደመወዝ የፈረምኩ ያህል እጄ ተንቀጠቀጠ።

ተኩሱ ሲሰማ ማድረግ የማይገባኝን አደረግሁ፤ እንደ ኢትዮጵያዊ ሮጥሁ። ሁለት ዙር ከመሪዎቹ ጋር ሆንኩ፣ ሦስተኛው ላይ አየሩ ወፈረብኝ። ከባሕር ጠለል ሁለት ሺሕ ሜትር ከፍ ብሎ የኖረ ሰው ቆላ ሲወርድ ይበርራል ይባላል፤ ምናልባት ለወጣት ይሠራ ይሆናል። በሰባተኛው ዙር የአንደኛው ትንፋሽ ከጀርባዬ ተሰማ፤ ደረበኝ። ሌሎቹም ተከተሉ። በየሰፈራችን ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን «ደረበው! ደረበው!» እያልን ስንት የውጭ ሰው ስንሳለቅበት እንደ ኖርን ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ተደራቢ ደግሞ ልብ፣ ቤተ ሰብና የሚመለስበት ሰፈር ያለው ፍጡር መሆኑን አስቤበት አላውቅም ነበር። ከሰገነቱ የባለቤቴ እልልታ ተነሣ። ከመሪው ፊት ፊት ስሮጥ አይታ ባሏ ዓለምን የቀደመ መስሏት ነው። ልጃችን ሂሳቡን ልታስረዳት ስትሞክር የአገሩ ሕዝብ ያን የማያውቀውን ድምፅ ወደደውና ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኔ ባለፍሁ ቍጥር እልልታና ጭብጨባ፣ እየቀነስኩ በሄድኩ መጠንም ጭብጨባው እየጨመረ፣ 25ቱ ዙር እስኪያልቅ ድረስ አልተቋረጠም። አሸናፊዎቹ አራት ጊዜ ደርበውኝ፣ ልብሳቸውን ለውጠው፣ እኔ ስደርስ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

አማተር የሚለውን ቃል እኛ በወጣትነታችን ገና ያልበሰለ፣ ለከፍተኛው ያልደረሰ ማለት አድርገን እንይዘው ነበር፤ የፋብሪካችንን የኪነት ጓድ አማተር ሲሉት ስድብ ይመስለን ነበር። ቃሉ በላቲን ከማፍቀር የወጣ መሆኑን ያወቅሁት በቅርብ ነው። ፊንላንዳውያን ዘጠኝ የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ፓቮ ኑርሚ ገንዘብ ተቀብለሃል ተብሎ፣ አማተር አይደለህም ተብሎ በ1932 እ.ኤ.አ. ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የተከለከለበትን ነገር እስከ ዛሬ እየተከራከሩበት ይኖራሉ፤ የእኛ አበበም የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆኖ፣ በፊንላንድ የተወለደው ስዊድናዊ ኦኒ ኒስካነን አሠልጥኖት የሮጠው በአማተር ሕግ ነው። ፊንላንድም ራሷ፣ ሯጯ ኮሌህማይነን በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሲያሸንፍ የሩስያ ሰንደቅ ዓላማ የተሰቀለላት አገር እንደ ነበረች ስሰማ፣ ሯጭ ለትንሽ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሕዝብም ለሯጭ ምን ያህል እንደሚከብድ ገባኝ። እነዚያ ሰዎች አገር ተሸክመው ሮጡ። እኔ ግን ማንም ሳያሸክመኝ፣ ሹራቡን ከአዲስ ከተማ ገበያ በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ፣ በሃያ አምስት ዙር ሙሉ እንደ ጤፍ ኩንታል ተሸክሜው ዞርኩ፤ ያንን ሸክም ባላስቀምጠው ኖሮ ግማሹን አልጨርስም ነበር። ያስቀመጥሁትም በዐሥራ አራተኛው ዙር ግድም ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ የሐይቁን ሽታ፣ የጥዱን ሽታ፣ የገዛ እግሬን ድምፅ መስማት ጀመርኩ፤ በአቃቂ ድልድይ ላይ በማለዳ እንደማደርገው ሮጥሁ።

በዚያው ሻምፒዮና ባግዋኒ ዴቪ ዳጋር የምትባል የ94 ዓመት ሕንዳዊት መቶ ሜትር በ24.74 ሰከንድ ሮጣ የወርቅ ሜዳልያ ወሰደች። የልጅ ልጃችን ፎቶግራፏን በስልኩ ሲያሳያት ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አየችው፤ በፋብሪካው አጠገብ ባደገችበት ዘመን ሳሪ ለብሰው ከሕንዳውያኑ መኖሪያ የሚወጡትን ሴቶች አስታወሰችና፣ «እኔ በስልሳ ዓመቴ ታክሲ ካልመጣ ገበያ አልሄድም እላለሁ» አለች። በቀረልን ጊዜ ከእኔ ጋር በሐይቁ ዳር በእግር ትወጣ ጀመር፤ ትቀድመኝማ ነበር፣ ነገር ግን አፌን ይዤ ዝም አልኩ።

ሽማግሌውን ፊንላንዳዊ ከውድድሩ በኋላ በመለማመጃው ሜዳ አገኘሁት፤ እርሱም ከመካከል በታች ወጥቶ ነበር። ትከሻዬን ይዞ፣ ኢትዮጵያዊ ሲደረብ በዐይኔ ያየሁት በአንተ ነው፣ እንደዚህ የሚያረካ ነገር አይቼም አላውቅ ብሎ እንባው እስኪመጣ ድረስ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በሶ በጥብጬ ሰጠሁት። ጠጣው፤ ፊቱንም አላጨማደደም፣ ጎበዝ ነው።

አቃቂ የገባነው በሐምሌ 5፣ የጴጥሮስና የጳውሎስ ዕለት ነው። ዝናቡ ጭቃውን አቡክቶት፣ ጾሙ ተፈትቶ፣ ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይወጣ ነበር፤ ጨለማውም በሰዓቱ፣ ሙሉውን፣ አንድም ሳይጎድል መጣ። ጎረቤቶች ሊጠይቁን ገቡ። ከቡናው ሁለተኛ በኋላ በሰፈራችን ስፖርት ዐዋቂ የሚባሉት አንድ ሰው መታገሥ አቃታቸውና፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ስንተኛ ወጡ?» አሉኝ። መልስ ሳላገኝ የልጅ ልጄ ከሻንጣው ያን የጀርባ ጨርቅ አውጥቶ ዘረጋው። ሰውዬው መነጽራቸውን አስተካክለው ቍጥሩን አነበቡ።

«ስልሳኛ!» አሉ፤ ጥቂት አሰቡና «ከዓለም ስልሳኛ ማለት እኮ ቀላል አይደለም» ብለው ጨበጡኝ።

ልጁ አፉን ከፈተ፤ ባለቤቴ ግን ቀድማ ስኒውን ሰጠችውና፣ «ሂድ ለአባባ ሦስተኛውን አምጣለት» አለችው።